በባሕር ላይ የእራት ወረፋ

የመዝናኛ መርከብ ትኬት የቆረጠ ሰው የምግቡን ዋጋም አብሮ ከፍሏል። ዋናው የመመገቢያ አዳራሽ በየምሽቱ ይከፈትለታል፤ ቡፌው ከማለዳ ጀምሮ እስከ ማታ አይታጣም፤ በመዋኛው ዳር በርገር ይጠበሳል፤ ደክሞኛል ካለም በአንዳንድ መርከቦች ክፍሉ ድረስ ይመጣለታል። ይህ ሁሉ እያለለት ከጉዞው ወራት ቀደም ብሎ ኮምፒዩተር ፊት ይቀመጥና፣ እዚያው መርከብ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ጠረጴዛ ለማስያዝ ይጣደፋል። ብዙ ጊዜም ለዚያ እራት ሌላ ገንዘብ ይጨምራል።

እነዚህ ቤቶች በመርከብ ተጓዦች ዘንድ «ልዩ ሬስቶራንት» ይባላሉ። አንዱ ስቴክ ቤት ነው፤ ሌላው የጣሊያን፣ ሌላው የእስያ ወይም የፈረንሳይ ምግብ ያቀርባል። በሆላንድ አሜሪካ መርከቦች ላይ ፒናክል ግሪልና ካናሌቶ፣ በፕሪንሰስ ላይ ክራውን ግሪልና ሳባቲኒስ፣ በኦሺኒያ ላይ ሬድ ጂንጀር፣ ቶስካናና ፖሎ ግሪል፣ በቫይኪንግ ላይ ማንፍሬዲስ የታወቁ ናቸው። ዋናው አዳራሽ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው በአንድ ጊዜ ሲያስተናግድ እነዚህ ግን ትንንሽ ናቸው፤ ብዙዎቹ ከመቶ ወንበር እምብዛም አይርቁም።

በክፍያ በኩል ኩባንያዎቹ በሁለት መንገድ ይሄዳሉ። ገሚሶቹ በየእራቱ ያስከፍላሉ፤ ቀለል ያለው ቤት በነፍስ ወከፍ ከ20 ዶላር ገደማ ሲጀምር፣ ሼፉ ራሱ ቆሞ የሚያስተናግድባቸው ጠረጴዛዎች ከ100 ዶላር ያልፋሉ፤ በዚያ ላይ በብዙ መርከቦች 18 ወይም 20 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይታከላል። እንደ ኦሺኒያና ቫይኪንግ ያሉት ደግሞ ልዩ ሬስቶራንቶቹንም በትኬቱ ዋጋ ውስጥ አካተዋቸዋል። «በነጻ ከሆነማ ምን ቸገረኝ» የሚል ካለ ቢታገሥ ይሻለዋል። ዋጋ ሲኖር ዋጋው ራሱ ሰው ያሳንሳል፤ ዋጋ ሲነሣ የሚቀረው መለያ ወረፋ ብቻ ነው። ስለዚህ በእነዚህ መርከቦች ላይ ማስያዣው ይበልጥ ጥብቅ ነው፤ ለአንድ ክፍል ስንት እራት አስቀድሞ እንደሚፈቀድ ሳይቀር ተቆጥሮ ይሰጣል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የጀርመኑ ሃምቡርግ አሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1905 «አሜሪካ» በተባለችው መርከቡ ላይ በሪትዝ ስም የሚጠራ ሬስቶራንት ከፈተ፤ ሀብታሙ መንገደኛ ከአዳራሹ የተወሰነ ምግብ ወጥቶ ከዝርዝር መርጦ የሚያዝበት ቤት ነበር። በታይታኒክ ላይም እንዲሁ ያለ ሬስቶራንት ነበረ፤ ሉዊጂ ጋቲ የተባለ ጣሊያናዊ በኮንትራት ያካሂደው ስለነበር ሠራተኞቹ ከመርከቡ ሠራተኞች ይልቅ የእሱ ቅጥሮች ነበሩ። መርከቡ በበረዶ ግግር በተመታበት ሌሊት፣ ኤፕሪል 14 ቀን 1912፣ የመርከቡ ካፒቴን ስሚዝ የዋይድነር ቤተሰብ ባዘጋጀለት የእራት ግብዣ ላይ የተገኘው እዚያ ነው። ከሬስቶራንቱ ስልሳ ከሚበልጡ ሠራተኞች ሦስት ብቻ ተረፉ፤ ጋቲም አብሮ ሰጠመ።

ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት ብዙኃኑ ተሳፋሪ የሚበላው ግን በተመደበለት ሥርዓት ነበር፦ በሁለት ዙር፣ በተወሰነ ሰዓት፣ በተወሰነ ጠረጴዛ፣ ከተወሰኑ ሰዎች ጋር። አጠገብህ የተቀመጠው ሰው ወሬው አልጥምህ ካለ ጉዞው እስኪያልቅ መቻል ነው። ይህ ሥርዓት መላላት የጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1990 ሥራ የጀመረችው መርከብ ክሪስታል ሃርመኒ፣ ፕሬጎ የተባለ የጣሊያንና ኪዮቶ የተባለ የጃፓን ሬስቶራንት ይዛ መጣች፤ በ2000 ደግሞ ኖርዌጂያን የተባለው ኩባንያ የተወሰነውን የእራት ሰዓትና ጠረጴዛ ጭራሽ ትቶ ተሳፋሪው በፈለገበት ሰዓት በፈለገው ቤት እንዲበላ አደረገ። ነጻነቱ ሲመጣ ማስያዣውም ተከትሎ መጣ። ሁሉም በወደደው ሰዓት ሊበላ ሲፈቀድለት፣ ሁሉም የሚወደው ሰዓት አንድ ሆኖ ተገኘ።

ሰዉ ስለ ረጅም ጉዞ የሚሳሳተው በዚህ የማስያዝ ጥድፊያ ላይ ይመስለኛል። መርከብ ተሳፍረው ዓለምን መዞር ከ1922 ጀምሮ የነበረ ነገር ነው፤ ያኔ የኩናርድ ኩባንያዋ ላኮኒያ ከኒውዮርክ ተነሥታ ወራት የፈጀ ዙር አድርጋለች። ዛሬም በየዓመቱ በጥር ወር ገደማ ከፍሎሪዳና ከሌሎች ወደቦች የሚነሡ፣ አራት ወርና ከዚያ በላይ የሚፈጁ ጉዞዎች አሉ። ብዙ ተሳፋሪ ለእነዚህም የሚያስይዘው ልክ ለአንድ ሳምንት ጉዞ በለመደው ጥድፊያ ነው። ሒሳቡ ግን የተለየ ነው።

1,900 ሰው የጫነች መርከብ እንውሰድ፤ ባለ መቶ ወንበር ስቴክ ቤት አላት፤ በምሽት ሁለት ዙር ታስተናግዳለች እንበል። በሰባት ሌሊት 1,400 ሰው ይበላል ማለት ነው። እያንዳንዱ ተሳፋሪ አንዴ ልብላ ቢል እንኳ 500ው ይቀራል፤ ስለዚህ ቀድሞ ያስያዘ ይበላል፣ የዘገየ ወደ ቡፌው ይሄዳል። ከባልቲሞር ወደብ ለሚነሡት አጫጭር ጉዞዎች፣ ለዲሲና ለሜሪላንድ ነዋሪ ቅርብ ለሆኑት፣ ጥድፊያው ተገቢ የሚሆነው ለዚህ ነው። ያችው መርከብ 120 ሌሊት ስትጓዝ ግን ወንበሩ 24,000 ይሆናል። ለእያንዳንዱ ሰው አሥራ ሁለት ጊዜ ደርሶ ይተርፋል። አሥራ ሁለት ጊዜ ያንኑ የስቴክ ዝርዝር ማንበብ የሚሻ ሰው ደግሞ ብዙ አይደለም።

ታዲያ በረጅም ጉዞ ላይ የሚያጥረው ምንድን ነው? ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ያለችው ጊዜ፣ መርከቡ ወደብ ሳይነካ በሚውልበት ቀን፣ ለሁለት ሰው በምትሆን ጠረጴዛ፣ ቢቻል በመስኮት በኩል፤ ሁሉም የሚፈልገው ይህቺን ነው። የረጅም ጉዞ ተሳፋሪ አብዛኛው ጡረተኛ ነው፤ ቀደም ብሎ መብላት ይወዳል፤ ከእራት በኋላ የቲያትር አዳራሹ ትርኢት አለበት። ስለዚህ 11 ሰዓት ተኩልና 1 ሰዓት ተጨናንቀው፣ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ግን ወንበሮች ባዶ ሆነው ይታያሉ። ከሌላ ጥንድ ጋር በአራት ሰው ጠረጴዛ ለመቀመጥ ፈቃደኛ የሆነ ሰውም በር ላይ እምብዛም አይመለስም።

ብዙ ሰው የሚያማርርበት ሌላ ነገር አለ። «ሞልቷል» ተብሎ ይመለሳል፤ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ሲመለከት ግን ውስጥ ባዶ ጠረጴዛ አለ። ዋና አስተናጋጁ አልዋሸም። ማስያዣው የሚቆጥረው ወንበር ብቻ አይደለም፤ የወጥ ቤቱን አቅምም ይቆጥራል። ምጣዱ አንድ ከሆነ ሰላሳ እንግዳ በአንዴ ቢገባም እንጀራው የሚወጣው አንድ በአንድ እንደሆነ ሁሉ፣ ስቴኩም ከአንድ ጥብስ መደብ ነው የሚወጣው። ለዚህ ሲባል ቀጠሮዎቹ በየሩብ ሰዓቱ ተበታትነው ይሰጣሉ፤ ባዶዋ ጠረጴዛ ከሃያ ደቂቃ በኋላ የሚመጡ ሰዎች አሏት፤ ወይም ያን ማታ አስተናጋጅ አልተመደበላትም።

የማስያዣው በር ለሁሉም በአንድ ቀን አይከፈትም። በአንዳንድ ኩባንያዎች ውድ ስዊት የያዘው ይቀድማል፤ ባለ በረንዳው ይከተላል፤ መስኮት የሌለው ክፍል የገዛው መጨረሻ ይገባል። በሌሎች ኩባንያዎች ደግሞ የሚያስቀድመው ታማኝነት ነው። በዲዝኒ መርከቦች ላይ ፓሎ ለተባለው የአዋቂዎች ሬስቶራንት አዲስ ተሳፋሪ ከጉዞው 75 ቀን በፊት ሲያስይዝ፣ የፕላቲነም ደረጃ የደረሰው በ120 ቀን ይጀምራል። ይህ ደረጃ ለአጭር ጉዞ ወሳኝ ነው፤ አዲሱ ሰው ሲደርስ ጥሩ ጥሩው ሰዓት አልቋል። በዓለም ዙር ጉዞ ላይ ግን ኩባንያው ወንበሩን ሁሉ በኢንተርኔት አይለቅም፤ ከፊሉን መርከቡ ላይ ለሚያስይዙ ያስቀራል። በኢንተርኔት «የለም» የተባለ ሰው በተሳፈረ በመጀመሪያው ከሰዓት በኋላ ወደ ዋናው አስተናጋጅ ሄዶ ቢያነጋግር ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን አይመለስም። ያው የመጀመሪያው ምሽት ራሱም ክፍት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ሰዉ ሻንጣውን እየፈታ፣ መንገዱ እየጠፋበት፣ ድካሙን እያስታመመ ነው።

ስለ ክፍልፋዮች ደግሞ ሻጩ ብዙ ጊዜ አይናገርም። የዓለም ዙር ጉዞ ለአንዳንዱ ሰው አንድ ጉዞ ነው፤ ለኩባንያው ግን ብዙ ጊዜ እርስ በርስ የተቀጣጠሉ አራት አምስት ጉዞዎች ናቸው። አንዱ ከፎርት ላውደርዴል እስከ ሲድኒ ብቻ ይሳፈራል፤ ሌላው ከሲድኒ ይገባል። የማስያዣው ሥርዓት በብዙ መርከቦች እያንዳንዱን ክፍልፋይ እንደ ራሱ ጉዞ ስለሚያይ፣ አራት ወር የገዛው ሰው የሁሉንም እራት ባንዴ መያዝ አይችልም፤ አዲሱ ክፍልፋይ ሲቃረብ እንደገና ወረፋ ይገባል። ይህ እንደ ጭንቀት ሊታይ ይችላል፤ እኔ ግን እንደ ዕድል ነው የማየው። ክፍልፋይ በሚያልቅበት ወደብ ከፊሉ ሰው ሲወርድ የያዘው ሁሉ ይለቀቃል፤ አዲስ ገቢው ደግሞ መርከቡን ገና አያውቀውም። በእነዚያ ሁለት ሦስት ቀናት ነባሩ ተሳፋሪ እንደልቡ ይመርጣል።

ወደብ የሚነካበት ቀንና ባሕር ላይ የሚዋልበት ቀንም አንድ አይደሉም። ባሕር ላይ የሚዋልበት ቀን ሁሉም ልብሱን ቀይሮ ለእራት ይወጣል። መርከቡ እስከ ማታ ወደብ ላይ በሚቆምበት ቀን ግን ግማሹ ሰው ከተማ ውስጥ ነው፤ የተመለሰውም ጫማውን አውልቆ ቡፌ ፍለጋ ይሄዳል። ጠረጴዛ የሚሻ ሰው የጉዞውን ዝርዝር ከፊቱ ዘርግቶ፣ ዘግይተው የሚነሡባቸውን ወደቦች ቢፈልግ ይጠቅመዋል። የቀን መስመርም አለ። ወደ ምዕራብ እየተጓዙ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ዓለም አቀፉን የቀን መስመር ሲያቋርጡ አንድ ቀን ከነእራቱ ይዘለላል፤ ወደ ምሥራቅ ሲሆን ያው ቀን ሁለቴ ይኖራል። መርከቡ መስመሩን በየትኛው ሌሊት እንደሚያቋርጥ ሳያዩ የልደት ወይም የጋብቻ መታሰቢያ እራት መያዝ አያስተማምንም።

መስመሩ ራሱም ይለወጣል። ሁቲዎች ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕርና በባብ ኤል መንደብ መርከቦችን ሲያጠቁ፣ በ2024 ዓለምን ይዞሩ ከነበሩት መርከቦች በርካታዎቹ ስዌዝን ትተው በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ ዞረዋል። በዚያ ሳቢያ ወደብ የነበረው ቀን የባሕር ቀን ሲሆን፣ «ያን ቀን ሰው አይኖርም» ተብሎ የተያዘው እራት ከግርግሩ መሃል ይወድቃል። ማስያዣን መሰረዝ የሚቻለው ደግሞ ብዙ ጊዜ እስከ ተወሰነ ሰዓት ድረስ ነው፤ ያ ካለፈ፣ ወይም ሰውየው ሳይናገር ከቀረ፣ በሚያስከፍሉት መርከቦች ላይ ክፍያው ሂሳቡ ላይ ሊመዘገብ ይችላል።

ለእኛ አንባቢ አንድ ልዩ ጉዳይ አለ፤ ጾም። በጥር ተነሥቶ አራት ወር በሚፈጅ ጉዞ ውስጥ የዐቢይ ጾም 55 ቀን እንዳለ ይገባል፤ ረቡዕና አርብም አይቀሩም። መርከቦቹ ለዚህ እንግዳ አይደሉም። ኦሺኒያ በ2017 ከሁለት መቶ በላይ ከአትክልት ብቻ የሚዘጋጁ ምግቦችን ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል፤ ሌሎችም «ቪጋን» ሲባሉ ያውቃሉ። ችግሩ ልዩ ሬስቶራንቱ ትንሽ ዝርዝር ያለው መሆኑ ነው፤ አትክልቱ ሳይቀር በቅቤ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ሲያስይዙ መናገር፣ ከዚያም በዋዜማው ለዋናው አስተናጋጅ ማሳሰብ ያስፈልጋል፤ የነገን ምግብ ዛሬ ማታ አስመርጦ ለብቻ የሚያሠራ ቤት ብዙ ነው። ኮሸር የሚበሉ እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ከዚህም ቀደም ብለው፣ መርከቡ ከመነሣቱ ሳምንታት በፊት ማሳወቅ አለባቸው፤ ምግቡ ብዙ ጊዜ ታሽጎ ከውጭ የሚጫን ነውና።

ስቴክ ቤቱን በተመለከተ ጾመኛው ተሳፋሪ ከሌላው የተሻለ ቦታ ላይ ነው። ፍላጎቱ በሁለት ወቅት ይሰበሰባል፦ በቅበላ ሳምንትና ከትንሣኤ ጀምሮ ባሉት ቀናት። ሁለቱም ብዙ ጊዜ ለቀረው ተሳፋሪ ተራ ቀናት ናቸው። በ2026 የምዕራባውያኑ ፋሲካ ኤፕሪል 5፣ የእኛው ኤፕሪል 12 ነው፤ የመርከቡ የበዓል ድግስ ሲያልፍ የእኛ ፍስክ ገና ይጀምራል፣ ለሁለት የምትሆነዋ ጠረጴዛም ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ሳትገኝ አትቀርም። በ2025 እንደሆነው ሁለቱ በዓላት በአንድ ቀን በሚውሉበት ዓመት ግን ከሁሉም ጋር ተሰልፎ፣ በሩ በተከፈተ ዕለት ማስያዝ ነው።