ዳኛው ከወዴት ይምጣ?

ከበጎች ዕዳ እስከ ወንዝ ውኃ፦ የናቫሆዎች የሕግ ጉዞ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተነሣው ከዱቤ ነው። በአሜሪካዋ የአሪዞና ግዛት፣ ናቫሆ የሚባሉት የአገሪቱ ነባር ሕዝብ በሚኖሩባት ጋናዶ በምትባል መንደር፣ ሂዩ ሊ የተባለ ነጋዴ ሱቅ ነበረው። ሰውየው ናቫሆ አይደለም፤ ደንበኞቹ ግን ናቫሆዎች ናቸው። ፖል ዊሊያምስና ባለቤቱ ሎሬና ከዚህ ሱቅ በዱቤ ዕቃ ወሰዱ። ነጋዴው ገንዘቤ አልተከፈለኝም ብሎ ለአሪዞና ፍርድ ቤት አመለከተ፤ ሸሪፉም መጥቶ የባልና ሚስቱን በጎች በዕዳው አስያዘ።

በግ ለናቫሆ ተራ ከብት አይደለም። ጠጉሩ ተፈትሎ ስሙ የገነነው ምንጣፍ ይሆናል፤ ሥጋው ቀለብ ነው። በ1930ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት ግጦሹ ተራቆተ ብሎ መንጋቸውን በግድ ሲያስቀንስባቸው የደረሰባቸው ሐዘንም ገና አልሻረም ነበር። ሸሪፉ እጁን ያሳረፈው በዚህ ቁስል ላይ ነው። የክርክሩ እምብርት ግን የዕዳው ልክ ሳይሆን ዳኛው ማን ነው የሚለው ሆነ። በናቫሆ ምድር፣ ከናቫሆ ጋር በተደረገ ግብይት፣ የአሪዞና ዳኛ ምን ሥልጣን አለው?

ጉዳዩ ዋሽንግተን ደረሰ። በጥር 1959 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንድ ድምፅ ለባልና ሚስቱ ፈረደ። ዳኛ ሁጎ ብላክ በጻፉት ውሳኔ መሠረት፣ የአሪዞና ፍርድ ቤት እጁን ማስገባቱ ናቫሆዎች በራሳቸው ሕግ የመተዳደር መብታቸውን የሚጥስ ነው፤ ነጋዴው ዕዳውን ከፈለገ በናቫሆ ፍርድ ቤት ይክሰስ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 1 ቀን ናቫሆዎች እስከዚያ በፌዴራል መንግሥቱ ሥር የነበረውን ፍርድ ቤት ተረክበው የራሳቸው አደረጉት።

ከዚያ ወዲህ ስድሳ ከሚበልጡ ዓመታት አልፈዋል። ናቫሆዎች የተሟገቱባቸው ጉዳዮች ብዙ ናቸው፦ ግብር፣ ድንጋይ ከሰል፣ ዩራኒየም፣ ልጆች፣ ውኃ። ሁሉንም ሲገልጡት ግን ከሥሩ ያው የጋናዶው ጥያቄ ይገኛል።

የ1868ቱ ወረቀት

ራሳቸውን ዲኔ ብለው የሚጠሩት ናቫሆዎች ዛሬ በአባልነት የተመዘገቡት ብቻ ወደ 400,000 ይጠጋሉ። ምድራቸው በአሪዞና፣ በኒው ሜክሲኮና በዩታ ላይ የተዘረጋ 70,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መዲናቸው ዊንዶ ሮክ ትባላለች።

ይህ ምድር በእጃቸው የቀረው በአንድ ወረቀት ነው። በ1864 የአሜሪካ ጦር ከ8,000 የሚበልጡ ናቫሆዎችን ከአገራቸው ነቅሎ በእግር እየነዳ ቦስክ ሬዶንዶ ወደሚባል ጠፍ መሬት ወሰዳቸው። እነሱ ህዌልዲ ይሉታል። አራት ዓመት በረሃብና በበሽታ አለቁበት። በ1868 ጄኔራል ሸርማን ለድርድር ሲመጣ፣ ወደ ሌላ ሩቅ ግዛት እናዛውራችሁ የሚል ሐሳብም ይዞ ነበር፤ የናቫሆዎች ቃል አቀባይ ባርቦንሲቶ ከአገራችን በቀር የትም አንሄድም ብሎ ቆመ። ሰኔ 1 ቀን ውሉ ተፈረመ። መንግሥት ለየ30 ልጆች አንድ መምህር፣ ለገበሬው ዘር፣ ለሕዝቡ በግና ፍየል ሊሰጥ ቃል ገባ፤ ምድሪቱም ቋሚ መኖሪያቸው እንድትሆን ተጻፈ።

የናቫሆ ጠበቃ ወደ የትኛውም የፌዴራል ችሎት ሲገባ መጀመሪያ የሚያወጣው ይህንን ወረቀት ነው። የዊሊያምስ ጉዳይ የረታው በዚሁ ውል ላይ ቆሞ ነው። ወረቀቱ ስለ በግ ተናግሯል፣ ስለ መምህር ተናግሯል፤ ስለ ውኃ ግን አንድም ቃል አልተጻፈበትም። ይህ ዝምታ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ምን እንደሚያስከትል በጊዜው የገመተ አልነበረም።

በቃል ገፍቶ የሚያስወጣ

በናቫሆ ቋንቋ ጠበቃ አጋዲጣሂ ይባላል፤ በቃል ገፍቶ የሚያስወጣ ሰው እንደማለት ነው። ሙገሳ አይደለም። በባህላቸው ሌላውን በቃል መጫንና ማስገደድ ነውር ነውና፣ ሙያው ሲመጣ ስሙም ጥርጣሬውን ይዞ መጣ።

ስሙን ያደሰው በ1967 የተቋቋመው የነጻ የሕግ ድጋፍ ድርጅት ነው። ዲ ኤን ኤ ተብሎ ይጠራል፤ ፊደላቱ የተወሰዱት ሕዝቡ በኢኮኖሚ እንዲያገግም የሚሠሩ ጠበቆች የሚል ትርጉም ካለው ረጅም የናቫሆ ስም ነው። ጠበቆቹ የያዙት የድሀውን ጉዳይ ነበር፤ በመኪና ሻጭ የተታለለውን፣ በዱቤ ሱቅ የተያዘውን፣ ደመወዙ የተቆረጠበትን። ሮዛሊንድ ማክላናሃን የምትባል ናቫሆ በ1967 ከደመወዟ ለአሪዞና የተቆረጠባት የገቢ ግብር 16 ዶላር ከ20 ሳንቲም ነበር፤ ይመለስልኝ አለች። በ1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ እውነት አላት አለ፤ በምድሩ ላይ ኖሮ እዚያው ከሠራ ናቫሆ አሪዞና የገቢ ግብር ልትወስድ አትችልም። በዚህች ጥቂት ገንዘብ የተጀመረው ክርክር በመላ አሜሪካ ላሉ ነባር ሕዝቦች መከታ ሆነ።

ይሁን እንጂ የውጭ ጠበቃና የአገሬው ሹም ሁልጊዜ አልተስማሙም። በ1968 የዲ ኤን ኤ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ቴድ ሚቸል ዊንዶ ሮክ ውስጥ ስብሰባ ላይ ተቀምጧል። የዕለቱ ጉዳይ የአሜሪካ ኮንግረስ ያኔ ያወጣው የነባር ሕዝቦች የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። በናቫሆዎች ምክር ቤት እጅግ የተከበሩት ወይዘሮ አኒ ዋውኔካ አዲሱ ሕግ ያልፈለግነውን ሰው ከምድራችን ከማስወጣት ያግደናል ወይ ብለው ጠየቁ። ሚቸል ሳቀ። በማግስቱ ወይዘሮዋ ዛሬስ ትስቃለህ ወይ ብለው በእጃቸው መቱት፤ የጎሳው ኮሚቴም ሰውየውን ከናቫሆ ምድር አስወጣው። እሱም ከሰሰ። የፌዴራሉ ዳኛ ያንኑ አዲስ ሕግ ጠቅሶ መባረሩን ሻረ። ወይዘሮዋ በጥያቄ ያነሡትን ነገር ፍርድ ቤቱ በእሳቸው ላይ መለሰው። በናቫሆ ባህል በሽማግሌ ንግግር ላይ መሳቅ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ዳኛ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩን እንዴት ያየው ነበር? ከውጭ የመጣ ጠበቃ፣ ወዳጅ እንኳ ቢሆን፣ የማይሞላው ክፍተት እዚህ ላይ ይታያል።

ክፍተቱን ሊሞሉ ከተነሡት አንዷ ክላውዲን ቤትስ አርተር ናቸው። በአሪዞና የጥብቅና ፈቃድ ያገኙ የመጀመሪያዋ የናቫሆ ሴት ሲሆኑ፣ በ1980ዎቹ የናቫሆ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ በ2003 ደግሞ በናቫሆ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኝነት የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ቱባ ሲቲ በምትባል የናቫሆ ከተማ የተወለዱት ሰንሻይን ሳይክስ በ2022 በካሊፎርኒያ የፌዴራል ዳኛ ሆነው ሲሾሙ፣ በዚያ ግዛት ከነባር ሕዝቦች ወገን ለዚህ ወንበር የበቃ ሌላ ሰው አልነበረም።

ዊንዶ ሮክ ላይ ለመሟገት ግን የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ብቻ አይበቃም። ናቫሆዎች የራሳቸው የጥብቅና ፈተና አላቸው፤ የራሳቸውን ሕግ ይጠይቃል። የሕግ ዲግሪ የሌለው፣ ነገር ግን የናቫሆን ሕግ ተምሮ ፈተናውን ያለፈ ሰውም ተሟጋች ሆኖ በፍርድ ቤታቸው መቆም ይችላል። ዳኛ የሚሆን ሰው ደግሞ ናቫሆኛና እንግሊዝኛ መናገር፣ ወጉንም ማወቅ ግዴታው ነው።

ክቡ ውስጥ

በ1982 የናቫሆ ዳኞች ከመደበኛው ችሎት ጎን አንድ ነገር ጨመሩ፦ የዕርቅ ፍርድ ቤት። እዚህ መዶሻና ከፍ ያለ ወንበር የለም። በማኅበረሰቡ የተመረጠ አስታራቂ ጸሎት ያደርሳል፤ ከዚያ ሰው ሁሉ ራሱን ያስተዋውቃል። ናቫሆ ሲተዋወቅ ስሙን ተናግሮ ብቻ አይቀመጥም፤ የእናቱን ነገድ፣ የአባቱን ነገድ፣ የእናቱን አባትና የአባቱን አባት ነገድ ይቆጥራል። ለጠብ የመጡ ሁለት ሰዎች ቆጠራው መሐል ዘመዳሞች ሆነው ሊገኙ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ አነጋገራቸው ይለወጣል። ይህን ዝምድና ቄ ይሉታል። ዕርቁ ካሳ አለው፤ ናልዬህ ይባላል። የካሳው ልክ የሚለካው በዳይ ሊቀጣ በሚገባው መጠን ሳይሆን ተበዳይ ልቡ እስኪረጋ ድረስ ነው። የመጨረሻው ግብ ሆዦ ነው፤ ሁሉ ነገር በቦታው መሆን።

ይህ ወግ በትልልቁ ጉዳይም ተፈትኗል። በ1989 የጎሳው ሊቀመንበር ፒተር ማክዶናልድ በጉቦ ተጠርጥረው ምክር ቤቱ ከሥልጣን ሲያግዳቸው፣ ጉዳዩ ለናቫሆ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀረበ። ዳኞቹ መልሱን ከዋሽንግተን ሕገ መንግሥት አልቀዱም። ናጣኒ፣ ማለትም መሪ፣ መሪ የሚሆነው ሕዝቡ እስካመነው ብቻ ነው የሚለውን የአባቶች ሥርዓት ጠቅሰው ዕግዱን አጸኑት። በ2002 ደግሞ ምክር ቤቱ ይህንኑ የዲኔ መሠረታዊ ሕግ ብሎ በጽሑፍ አወጀው።

ከደጃፍ ውጭ

በቤታቸው ዳኛ ሆነዋል። ደጃፉን ሲሻገሩ ግን ወንበሩ የሌላ ነው። ከ1885 ጀምሮ ነፍስ ግድያን የመሰሉ ከባድ ወንጀሎች ለፌዴራል ፍርድ ቤት ተሰጥተዋል። ናቫሆዎች በምድራቸው የሞት ቅጣት እንዳይኖር ወስነው ነበር፤ የፌዴራል ዐቃብያነ ሕግ ግን በግድያ የተወነጀለውን ናቫሆ ሌዝመንድ ሚቸልን፣ መኪና በመንጠቅ ሰው መግደል በሚለው ሌላ ሕግ ከሰሱት። የናቫሆ መሪዎች ተቃወሙ። ነሐሴ 2020 ኢንዲያና ውስጥ የሞት ቅጣቱ ተፈጸመበት።

ከሁሉ የከበደው የውኃው ነው። ከናቫሆ ቤቶች ሢሶው ገደማ የቧንቧ ውኃ የለውም። ከፒካፕ መኪናው ጀርባ ትልቅ ፕላስቲክ በርሜል ጭኖ ወደ ውኃ መቅጃው ሩቅ መንገድ የሚነዳው አባወራ የዕለት እውነት ነው፤ የኮሎራዶ ወንዝ ግን በምድራቸው ዳርቻ ያልፋል። ጎሳው የአሜሪካ መንግሥት ቢያንስ ምን ያህል ውኃ እንደሚያስፈልገንና እንደሚገባን ያጣራ ብሎ ከሰሰ። ሰኔ 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 ወሰነ፦ ውሉ ለናቫሆዎች ውኃ ያስጠብቃል፤ መንግሥት ግን ያን ውኃ ለማስገኘት እርምጃ እንዲወስድ አያስገድደውም። በልዩነት የጻፉት ዳኛ ኒል ጎርሰች ናቫሆዎች ከመስኮት ወደ መስኮት እየተላኩ እንደሚጉላላ ባለጉዳይ ሆነዋል ብለው ተሟገቱላቸው።

ጠበቆቹ ወደ ድርድር ተመለሱ። በ2024 ምክር ቤቱ ከሆፒና ከሳን ሁዋን ደቡብ ፓዩት ጎሳዎች ጋር የተደረሰውን 5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚጠይቅ የውኃ ስምምነት አጸደቀ። ገንዘቡ ግን ኮንግረስ ሳያጸድቀው አይለቀቅም።

ዛሬ ጋናዶ ላይ ያ ሱቅ የነበረው ነጋዴ ቢነሣ፣ የአሪዞና ሸሪፍ አስልኮ በጎች ማስያዝ አይችልም። ወደ ናቫሆ ዳኛ ይሄዳል፤ ዳኛውም ጉዳዩን በናቫሆኛ ሊሰማው ይችላል። የበጎቹ ባለቤት አመሻሹ ላይ በርሜሉን ጭኖ ሲወጣ ግን፣ በጎቹ ስለሚጠጡት ውኃ የሚወስነው ሰው አሁንም ዋሽንግተን ነው ያለው።