የኪውአር ኮድ አሠራርና አበጃጀት

ዛሬ በምግብ ቤቱ ጠረጴዛና በሱቁ መስታወት ላይ ተለጥፎ የምናየው ኪውአር ኮድ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም. ማሳሂሮ ሃራ የተባለ ጃፓናዊ መሐንዲስ የመኪና መለዋወጫዎችን ለመቈጣጠር የፈለሰፈው ጥበብ ነው። በሦስቱ ማዕዘናት የሚታዩት ታላላቅ ካሬዎች፣ ምልክቱ ቢዘቀዘቅም ቢጋደምም፣ የስልኩ ካሜራ አቅጣጫውን እንዲለይ የቆሙ አዕማድ ናቸውና፣ በቀለምና በዐርማ ለማስጌጥ የሚሻ ሰው ሌላውን ቢነካ እነርሱን አይንካ።

ዐርማ መካከሉ ላይ ተቀምጦ ምልክቱ የሚነበበው፣ ከአራቱ የእርማት ደረጃዎች ከፍተኛው ሲመረጥ፣ እስከ 30 በመቶ ገደማ ቢጠፋ እንኳ የቀረው የጐደለውን ስለሚተካ ነው። ነገር ግን ደረጃው ከፍ ባለና ምልክቱ የያዘው የድረ ገጽ አድራሻ በረዘመ ቍጥር ነጠብጣቦቹ ይበዛሉና፣ በትንሽ የስም ካርድ ላይ ለሚታተም እኔስ አጭር አድራሻ እመርጣለሁ። ጥቁሩ በነጭ ላይ ይሁን፤ በዙሪያውም የ4 ነጠብጣብ ስፋት ያለው ባዶ ኅዳግ ይተው።

አድራሻ ተቀብሎ ምስሉን የሚሰጥ ነጻ አገልግሎት ሞልቷል። የሚያሳስበው፣ አንዳንዱ በራሱ አድራሻ በኩል አዙሮ የሚያደርስ ምልክት ሲሰጥ ነው፤ መድረሻውን ኋላ ለመለወጥ ቢመችም፣ አገልግሎቱ ክፍያ የሚጠይቅ ከሆነ ክፍያው የተቋረጠ ዕለት የታተመው ወረቀት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በቴሌብር ገንዘብ የሚቀበል ነጋዴም፣ ሌባ የራሱን ምልክት በላዩ ሊለጥፍበት ይችላልና፣ ሱቁን በከፈተ ቍጥር ወረቀቱን በጣቱ ዳሰስ ያድርገው።