ከሹመይሲ የወጡ ፎቶግራፎች

በጅዳና በመካ መካከል የሚገኘው የሹመይሲ ማቆያ፣ ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው የውጭ አገር ዜጎች እስኪባረሩ ድረስ የሚታሰሩበት ግቢ ሲሆን፣ ከመካው ኩዳይ ሰፈር ጀምሮ እስከ ጅዳ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስሙ ከእስርና ከመባረር ተለይቶ አይነሳም። በዚያ የሚደርሰው በደል ለረጅም ጊዜ የታሳሪዎቹና የቤተሰቦቻቸው ጭንቀት ብቻ ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ የእንግሊዙ ሰንደይ ቴሌግራፍ ጋዜጣ ነሐሴ 24 ቀን 2012 ዓ.ም. ባወጣው የምርመራ ዘገባ የዓለም መነጋገሪያ ሆነ።

ዘገባውን ያዘጋጁት ዊል ብራውንና ዘካርያስ ዘላለም ወደ ግቢው የገቡበት መንገድ አልነበረም፤ የሳዑዲ መንግሥት እንዲህ ያሉ ማቆያዎችን ለነጻ ዘጋቢ አይከፍትምና። ምስሎቹን ያወጡት ታሳሪዎቹ ራሳቸው፣ በደበቋቸው የእጅ ስልኮች ነበር። ከወገባቸው በላይ የተራቆቱ ወጣቶች መስኮቱ የብረት ፍርግርግ በሆነ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በሙቀት ተዳክመው፣ ጎን ለጎን ተደርድረው ሲታዩ፣ በአንዱ ፎቶግራፍ ላይ ደግሞ በሙቀት እንደሞተ የተነገረለት ሰው አስከሬን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይታያል። ጋዜጠኞቹ የተላከላቸውን እንዳለ ከማተም ይልቅ የሳተላይት ምስልን ከምስክሮች ቃል ጋር እያመሳከሩ ቦታዎቹ ሹመይሲና በደቡብ የሚገኘው ጂዛን መሆናቸውን አረጋገጡ። የምርመራ ጋዜጠኝነት ክብደት የሚያገኘው ከዚህ ድካም ነው፤ ያልተጣራ ምስል ክሱን በአንድ መግለጫ ለማስተባበል ለሚፈልግ መንግሥት ሰፊ በር ይከፍታልና።

ከታሳሪዎቹ ብዙዎቹ በዚያው ዓመት የሁቲ ኃይሎች ከሰሜን የመን ያባረሯቸውና ድንበር ተሻግረው በሳዑዲ የተያዙ ነበሩ። በሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወደ 3,000 የሚጠጉ ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ ከተመለሱ በኋላ፣ የተባበሩት መንግሥታት ኮሮና እንዳይስፋፋ በመስጋት ማባረሩ እንዲቆም በመጠየቁ፣ የቀሩት መውጫ አጥተው በማቆያ ተከማቹ። ወረርሽኙን ለመከላከል የተወሰደው እርምጃ በራሱ ሌላ ስቃይ መውለዱ ከዘገባው በፊት ብዙም አልተነገረም።

ዘገባው ከወጣ በኋላ የሳዑዲ መንግሥት ሁኔታውን እንደሚመለከት አስታወቀ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል መስከረም 22 ቀን 2013 ዓ.ም. የጅዳና የመካ እስር ቤቶችን ጭምር የሚነካ የራሱን ሪፖርት አወጣ፤ የአውሮፓ ፓርላማም ከስድስት ቀን በኋላ በሳዑዲ ማቆያዎች ስላሉ ኢትዮጵያውያን የውሳኔ ሐሳብ አጸደቀ። ውሳኔው የማያስገድድ ቢሆንም፣ የሁለት መንግሥታትን የውስጥ ለውስጥ ጉዳይ በሦስተኛ ወገን ፊት ያቀረበ በመሆኑ ዋጋው ትንሽ አይደለም።

ይሁን እንጂ ዋጋው የተከፈለው በለንደን አልነበረም። ከዘገባው በኋላ ጠባቂዎች ስልክ ፍለጋ ታሳሪዎችን እንደፈተሹና እንደደበደቡ በተከታታይ ዘገባዎች ተገልጿል። የምስጢር ምንጭን መጠበቅ ስምን ከመደበቅ ይልቃል፤ ፎቶግራፉ የተነሳበት ክፍል፣ ማዕዘኑና ሰዓቱ እንኳ ላኪውን ሊያስይዝ ስለሚችል፣ ሩቅ ሆኖ የሚጽፍ ዘጋቢ ይህን ቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል።

የዓለም ትኩረት ሲላላ ደግሞ ችግሩ አብሮ አልላላም። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ባወጣው ሪፖርት፣ ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን በየመን ድንበር ላይ እንደገደሉ ገልጿል፤ የሳዑዲ ባለሥልጣናት ክሱን መሠረተ ቢስ ብለውታል።