ሽጉጥ ለምትይዙ፦ የጤናውን ጎን ልንገራችሁ

አሜሪካ የምትኖሩ አንዳንዶቻችሁ «ዶክተር፣ ራሴን ለመከላከል ሽጉጥ እይዛለሁ፤ ምን ልጠንቀቅ?» ብላችሁኛል። ሕጉ በየስቴቱ ይለያያል፤ መጀመሪያ እሱን እወቁ። ከእኔ ደግሞ ይህን ያዙ፦

👉 ቃታውን በሚሸፍን ጠንካራ ማኅደር እንጂ እንዲሁ ቦርሳ ውስጥ አትክተቱት። ቁልፍም ቃታ ሊስብ ይችላል።

👉 ከጠጣችሁ አትያዙ።

👉 ቤት ስትገቡ ጥይቱን አውጥታችሁ ሁለቱንም ለየብቻ ቆልፉባቸው። ደበቅነው ያላችሁትን ልጆች ያገኙታል።

👉 እዚያ አገር በጦር መሣሪያ ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ቤት ውስጥ ተስፋ የቆረጠ ሰው ካለ መሣሪያው ለጊዜው ከቤት ይውጣ፤ 988 ደውሉ።

👉 ሰው ከቆሰለ 911 ደውሉ፤ ቁስሉን በጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑት፤ እርዳታ እስኪደርስ አትልቀቁ።

ለሚመለከተው ሼር አድርጉለት።