የአገልግሎት ቀነ ገደቦችን በተሰየሙ ቀለሞች መለየት

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ ወይም በሺንሺቾ የሚኖር አንድ ቤተሰብ በዓመት ውስጥ የሚከታተላቸው ቀነ ገደቦች ብዙ ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀናት፣ ጋብቻና ሞት በ30 ቀናት ውስጥ መመዝገብ ይኖርባቸዋል። የንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። እነዚህ ቀናት በስልክ የቀን መቁጠሪያ ላይ ከሠርግ፣ ከዕቁብና ከያሆዴ ወይም ከመሳላ ዝግጅት ጋር ተደባልቀው ሲመዘገቡ ዋናው ቀን ሳይስተዋል ያልፋል።

እንደ አውትሉክና ተንደርበርድ ያሉ ፕሮግራሞች ቀጠሮዎችን በቀለም ለመለየት፣ ለእያንዳንዱ ቀለምም ስም ለመስጠት ያስችላሉ። አውትሉክ 25 ቀለሞች አሉት፤ ስማቸው ካልተለወጠ ግን «ቀይ ካቴጎሪ» እንደሚለው ያለ ነው። ይህ ስም ከስድስት ወር በኋላ ለባለቤቱም ምንም አይነግረውም። ስለሆነም ተጠቃሚዎች በካቴጎሪ ዝርዝሩ ውስጥ ገብተው «ወሳኝ ኩነት - 90 ቀን»፣ «ንግድ ፈቃድ» እያሉ ቢሰይሟቸው ይመረጣል። ስሙ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛም ሊጻፍ ይችላል። አራት ወይም አምስት ቀለም በቂ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ቀለሙን ማስታወስ ራሱ ሥራ ይሆናል። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸገሩ ሰዎች ስላሉ ሰማያዊና ብርቱካናማ የተሻለ ምርጫ ነው።

ቀለም ብቻውን የቀን ስሕተትን አያድንም። ታኅሣሥ 30 በአብዛኞቹ ዓመታት ጃንዋሪ 8 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት ግን፣ ለምሳሌ በ2020፣ ጃንዋሪ 9 ይሆናል። በዚያ ዓመት «በየዓመቱ ይደገም» ተብሎ የተመዘገበ ማስታወሻ በ2021 ጥር 1 ላይ ያርፋል፤ ይኸውም ቅጣት የሚጀምርበት ቀን ነው። በዚያ ላይ የገና በዓል በአብዛኛው ታኅሣሥ 29 ስለሚውል የመጨረሻውን ቀን መጠበቅ አይመከርም። ማስታወሻውን ኅዳር ላይ ማድረግ ይሻላል።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። የጠዋት 2፡30 ቀጠሮ በስልኩ 8፡30 ተብሎ ካልገባ ማንቂያው ከሌሊቱ 8፡30 ይጮኻል።

ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄዳቸው ይታወቃል። ቤተሰብ ለእነርሱ የውክልና ወይም የሰነድ ጉዳይ ሲከታተል ቀጠሮዎቹን መላላክ የተለመደ ነው። ይሁንና ቀለሙና ስሙ በአመዛኙ የላኪው ፕሮግራም ውስጥ የሚቀሩ በመሆናቸው፣ ለተቀባዩ ቀጠሮው ያለ ቀለም ሊደርሰው ይችላል። ስለዚህ የጉዳዩ ዓይነትና የሚቀርበው ሰው ማንነት በቀጠሮው ርእስ ላይ መጻፍ አለበት፤ «የአባት ውክልና፣ እናት ትቀርባለች» የሚል ርእስ ቀለም ባይኖረውም ይነበባል። የሁለቱ አገሮች ሰዓት በአንድ ሰዓት ስለሚለያይም ስልኩ ትክክለኛውን የሰዓት ክልል መያዙ ይረጋገጥ።

የፋይዳ ቁጥር፣ የፓስፖርት ቁጥርና የባንክ ሒሳብ በርእሱም ሆነ በቀለሙ ስም ላይ አይጻፉም። በኢንተርኔት ቤት ወይም በጽሕፈት አገልግሎት ኮምፒዩተር የሚጠቀሙ ተገልጋዮች ሥራቸውን ሲጨርሱ ከአካውንታቸው መውጣት ይኖርባቸዋል።