ግሉኮሳሚን፦ በአሲድ ወይስ በኢንዛይም?

ለጉልበትና ለመገጣጠሚያ ሕመም ይረዳል ተብሎ የሚሸጠው ግሉኮሳሚን በአየር ጤናም ሆነ በሌላው የኮልፌ ቀራንዮ አካባቢ መድኃኒት ቤት ለመድረስ ከባሕር ማዶ መምጣት አለበት። አስመጪው «በኢንዛይም የተመረተ ነው» ተብሎ ጭማሪ ዋጋ ሲጠየቅ የሚገዛውን ዕቃ አሠራር ማወቅ ይጠቅመዋል።

ዋናው ጥሬ ዕቃ ካይቲን ይባላል። በሽሪምፕና በሸርጣን ቅርፊት፣ በነፍሳት ልባስና በሻጋታ ውስጥ ይገኛል። ጀርመናዊው ጌኦርግ ሌደርሆዘ እ.ኤ.አ. በ1876 ካይቲንን በጠንካራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አክሞ ግሉኮሳሚንን አገኘ። ፋብሪካዎች ዛሬም በዚሁ ዘዴ ይሠራሉ። ዘዴው ፈጣን ነው፤ ሆኖም አሲድ የማይበላው ጋንና የፍሳሽ ማጣሪያ ይጠይቃል።

የኢንዛይሙ መንገድ የሚጀምረው ከካይቶሳን ነው። ካይቶሳን እንደ ሰንሰለት ቢታይ ቀለበቶቹ በአብዛኛው ግሉኮሳሚን ናቸው። ካይቶሳኔዝ የተባለው ኢንዛይም ሰንሰለቱን ከመሐሉ እየቆረጠ ያሳጥራል፤ ግሉኮሳሚኒዴዝ ደግሞ ቀለበቶቹን ከጫፍ አንድ በአንድ ይነጥላል። ሥራው ለብ ባለ፣ በጥቂቱ ኮምጣጣ በሆነ ውሃ ይከናወናል። ሁለተኛው ኢንዛይም ካልተጨመረ የሚገኘው በአብዛኛው አጫጭር ቁርጥራጭ ነው፤ ይህም በገበያ ሌላ ዕቃ ነው።

ነገር ግን «ንጹሕ አመራረት» የሚለው አባባል ሙሉ እውነት አይደለም። ካይቲን ወደ ካይቶሳን የሚለወጠው በአብዛኛው በጋለና በጠነከረ ኮስቲክ ሶዳ ነው። ኢንዛይሙም ወጪ አለው፤ ሥራውም ጊዜ ይወስዳል። ከዚህ ሌላ ከበቆሎ ስኳር በፍላት የሚመረት ግሉኮሳሚን ተወዳዳሪ ሆኖ ቀርቧል።

ስለዚህ ነጋዴው ዋጋ ሲያነጻጽር የኪሎውን ብቻ አይይ። በ100 ኪሎ የግሉኮሳሚን ሃይድሮክሎራይድ ውስጥ 83 ኪሎ ያህል ግሉኮሳሚን አለ፤ በፖታሲየም ክሎራይድ በተረጋጋው ሰልፌት ውስጥ ግን 59 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ጥሬ ዕቃው ከቅርፊት ከሆነ የባሕር እንስሳ አለርጂ ላለባቸው ማስጠንቀቂያ መኖሩን ይጠይቅ።

ፍላጎቱም ዋስትና የለውም። እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ የታተመው፣ 1,583 ሕሙማንን ያካተተው የአሜሪካ ጥናት፣ ግሉኮሳሚን በጠቅላላው ከባዶ እንክብል የጎላ ብልጫ እንዳላሳየ አመልክቷል።

እዚሁ ለማምረት የሚያስብ ባለሀብትም ከኢንዛይሙ በፊት ጥሬ ዕቃውን ያስላ። ባሕር በሌለው አገር የሽሪምፕ ቅርፊት በጆንያ አይለቀምም፤ ከውጭ የሚገባው ካይቶሳን ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል።