ለሕፃናት ስለሚቀርብ የምትሐት ጨዋታ

ምትሐት ማለት ያልኾነውን ነገር እንደ ኾነ አስመስሎ ለዓይን ማሳየት ነው። የሚሠራው በእጅ ቅልጥፍናና የተመልካችን ዓይን ወደ ሌላ በመምራት ስለ ኾነ ከጥንቆላና ከመተት ጋራ ዝምድና የለውም።

ይህን ለይቶ ማወቅ ታላቅ ጥቅም አለው። ሬጅናልድ ስኮት የሚባል እንግሊዛዊ፥ ብዙ ሰዎች ጠንቋይ ናችሁ እየተባሉ በግፍ ይቀጡ በነበረበት ዘመን፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1584 ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ የምትሐተኞችን ዘዴ ገልጦ ጻፈ፤ ድንቅ የሚመስለው ኹሉ የሰይጣን ሥራ እንዳልኾነ ያስረዳ ዘንድ። ዛሬም ምክንያቱን የሚመረምር ልጅ በከንቱ አይፈራም፤ በዘዴ አስደንቆ ገንዘብ የሚወስድ አታላይም በቀላሉ አያታልለውም።

መምህሩ በኹለት ጨዋታ ይጀምር። መጀመሪያው የሳንቲም ነው። ሳንቲሙን በግራ እጁ ጣቶች ጫፍ ይያዝ፤ ቀኝ እጁም የሚወስደው መስሎ ይሸፍነው። በዚያው ቅጽበት ሳንቲሙ ወደ ግራ መዳፉ ይውደቅ፤ ቀኝ እጁ ግን ባዶውን ተጨብጦ ይራቅ። ዋናው ምስጢር በዓይን ነው፤ መምህሩ ቀኝ እጁን ቢመለከት ልጆቹም ወደዚያው ያያሉ፥ ግራውን ቢመለከት ግን ምስጢሩ ይገለጥበታል። ስለዚህ አስቀድሞ ሳንቲሙን በእውነት እየወሰደ የእጁን አካኼድ በመስተዋት ፊት ያጥና፤ ኋላም ሳይወስድ ያንኑ ይድገም።

ኹለተኛው የውሃ ነው። በጎድጓዳ ሳሕን ውስጥ ሳንቲም በሰም ይጣበቅ፤ ልጁም የሳሕኑ ከንፈር ሳንቲሙን እስኪከልልበት ድረስ ወደ ኋላ ይራቅና ይቁም። ውሃ ቀስ ተብሎ ሲፈስበት ሳንቲሙ ተመልሶ ይታየዋል። ይህም የኾነው ሳንቲሙ ተነሥቶ አይደለም፤ ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲወጣ መንገዱን ስለሚያጥፍ ነው።

ሲያሳዩም አስቀድሞ «ይህ ጨዋታ ነው» ብሎ መናገር ይገባል። የእጁን ጨዋታ ወዲያው መድገም አይበጅም፤ ተመልካቹ ወዴት እንደሚያይ ያውቃልና። እሳትና ስለት አይነካ፤ ሳንቲምም ወደ አፍ አይግባ። የሚፈራ ሕፃን ቢኖር ሳንቲሙን ራሱ ይያዝ፥ ውሃውንም ራሱ ያፍስስ።

ልጁ ተደንቆ ዝም ቢል ጨዋታ ብቻ ነው፤ «እንዴት ኾነ?» ብሎ ቢጠይቅ ግን ትምህርት ተጀመረ።